ሕፃኑ ሲያለቅስ መድኃኒቱን በደንብ ይስበዋል?

በትንፋሽ የሚሳብ መድኃኒት የሚሰጥበት ማስክ ወደ ፊቱ ሲጠጋ ሕፃኑ ይጮኻል። ራሱን ያዞራል፣ በእጁ ይገፋል፣ ፊቱ በርበሬ ይመስላል። ይሄኔ አጠገብ ሆኖ ምክር የሚሰጥ ሰው አይጠፋም፦ «ተዪው ያልቅስ! ሲያለቅስ እኮ ወደ ውስጥ በደንብ ይስበዋል።» አያት ትለዋለች፣ ጎረቤት ይለዋል፣ አንዳንዴም ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ይለዋል። ሲሰሙት ደግሞ ያሳምናል። የሚያለቅስ ልጅ አፉን ከፍቶ፣ ደረቱን ነፍቶ አይደል እንዴ የሚያለቅሰው?

ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ልቅሶ በአብዛኛው ወደ ውጭ የሚወጣ ረጅም ትንፋሽ ነው። እስቲ እየጮኻችሁ አየር ለመሳብ ሞክሩ፤ አይሆንላችሁም። ሕፃኑም የሚስበው በሁለት ጩኸት መሀል ባለችው ቅጽበት ነው። ያቺ ደግሞ አጭርና ፈጣን ናት። በዚያ ፍጥነት የገባ የመድኃኒት ጠብታ የጉሮሮውን ኩርባ መታጠፍ ያቅተዋል። የሚከንፍ መኪና ኩርባ ላይ ሲደርስ ከመንገዱ ወጥቶ ከግንብ ጋር እንደሚላተመው ማለት ነው። ጠብታው ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል፣ ከምራቅ ጋር ይዋጣል፣ ሆድ ይገባል። ሳንባው የሚደርሰው ጥቂቱ ነው።

ለጨቅላ በትንፋሽ የሚሰጥ መድኃኒትን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። መሣሪያው ምንም ይሁን ምን፣ መድኃኒቱን ተሸክሞ የሚወስደው የሕፃኑ የራሱ ትንፋሽ ነው።

ለምን በሲሮፕ አይሰጥም?

በሲሮፕም ይኖራል። ግን ሩቅ መንገድ ይዞራል። የተዋጠ መድኃኒት ከሆድ ወደ ደም ይገባል፣ በጉበት ያልፋል፣ ከዚያ በመላ ሰውነት ይበተናል። ሳንባ ድርሻውን የሚያገኘው ከልብም ከጡንቻም ጋር ተካፍሎ ነው።

በቁጥር እንየው። ሳልቡታሞል በአየር ቧንቧዎች ዙሪያ ያለውን የተኮማተረ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ነው። አንድ ፓፍ፣ ማለትም የመድኃኒቱ ቆርቆሮ አንዴ ሲጫኑት የሚረጨው፣ አብዛኛውን ጊዜ 100 ማይክሮግራም ይይዛል። ያው መድኃኒት በኪኒን ሲመጣ 2 ወይም 4 ሚሊግራም ነው። ትንሿ ኪኒን ብቻዋን የ20 ፓፍ መድኃኒት ይዛለች ማለት ነው። በትንፋሽ የሚሰጠው ግን ቦታው ላይ ስለሚያርፍ ጥቂቱ ይበቃል። በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል፤ ልብን በፍጥነት ማስመታቱና እጅን ማንቀጥቀጡም ያን ያህል አይበረታም።

ከተረጨው ውስጥ ስንቱ ሳንባ ይደርሳል?

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይደነግጣል። በመጠነኛ ጨረር ምልክት የተደረገበት መድኃኒት በስፔሰር (በፓፉና በማስኩ መሀል በሚገባ የፕላስቲክ ቱቦ) እና በማስክ ለጨቅላዎች ተሰጥቶ ሲለካ፣ ሳንባ ላይ የተገኘው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በአግባቡ የሳበ አዋቂ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይደርሰዋል። የቀረው የት ሄደ? ከፊሉ ፕላስቲኩ ላይ፣ ከፊሉ ፊት ላይ፣ ከፊሉ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ፣ ከፊሉም ሆድ ውስጥ።

አንዱ ምክንያት አፍንጫ ነው። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚተነፍሰው በዋናነት በአፍንጫው ነው። አፍንጫ ደግሞ ሥራው ማጣራት ነው። አቧራውንና መድኃኒቱን ለይቶ አያውቅም፤ ያገኘውን ያስቀራል።

ሁለተኛው ጥበት ነው። የአንድ ቧንቧ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ አየር ለማሳለፍ የሚያስከፍለው ጉልበት በእጥፍ የሚጨምር ይመስላል። አይደለም። አየሩ ሳይናወጥ ቢፈስ እንኳ ጭማሪው ወደ 16 እጥፍ ነው። አዋቂን በጉንፋን ብቻ የሚያሳልፈው እብጠት ጨቅላን ትንፋሽ የሚያሳጣው ለዚህ ነው። የጠበበ ቧንቧ አየር ብቻ ሳይሆን መድኃኒትም ይከለክላል። በጣም የታመመው የሳንባ ክፍል ብዙውን ጊዜ ትንሹ መድኃኒት የሚደርሰው ነው፤ ያሳዝናል፣ ግን እውነት ነው።

ሦስተኛው የትንፋሹ ማነስ ነው። 5 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚስበው አየር ከ30 እስከ 40 ሚሊሊትር ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ አይሞላም።

ታዲያ 2 በመቶ ምን ይፈይዳል? እንዲያ አትደንግጡ። ቀላል ስሌት እንሥራ። ከ100 ማይክሮግራም 2 በመቶው 2 ማይክሮግራም ነው። ለ5 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ 0.4 ይሆናል። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ደግሞ 15 በመቶው ደረሰው እንበል፤ 15 ማይክሮግራም ነው፤ በኪሎ 0.25። አያችሁ? ትንሹ ሰው ትንሽ ስለሚስብ መጠኑ ራሱን በራሱ ያስተካክላል። ሐኪም ለጨቅላ የሚያዘው የፓፍ ብዛት ለትልቅ ልጅ ከሚያዘው ብዙም የማይለየው ለዚህ ነው። «ተሳስተው ነው እንጂ ለዚች ጉንጭ ይሄ ሁሉ!» ብሎ በገዛ ራስ ፓፍ መቀነስ ልጁን ያለ መድኃኒት ማስቀረት ነው።

የጠብታው መጠን ለምን ያሳስባል?

ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ የራስ ፀጉር ውፍረት በአማካይ 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ሳንባ ውስጥ ለመግባት ግን ጠብታው ከ1 እስከ 5 ማይክሮን መሆን አለበት። ከዚያ ከተለቀ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ከመጠን በላይ ከደቀቀ ደግሞ ሳያርፍ ከሚወጣው ትንፋሽ ጋር ተመልሶ ይወጣል። ለጨቅላ ወደ ታችኛው ጫፍ፣ ማለትም ከ3 ማይክሮን በታች ቢሆን ይመረጣል። የመሣሪያዎቹ ሁሉ ጣጣ ይህን ደቃቅ ጉም መሥራትና ሕፃኑ እስኪስበው ድረስ አቆይቶ መጠበቅ ነው።

ያ የፕላስቲክ ቱቦ ምን ይሠራል?

መጀመሪያ ስለ ፓፉ፣ መድኃኒቱን ስለሚረጨው ቆርቆሮ። እ.ኤ.አ. በ1955 አስም ያለባት የ13 ዓመት ልጅ አባቷን አንድ ጥያቄ ጠየቀችው፦ የአስም መድኃኒት እንደ ፀጉር ስፕሬይ ለምን በቆርቆሮ አይሆንም? አባትየው ጆርጅ ሜይሰን የራይከር ላቦራቶሪስ የተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ፕሬዚዳንት ነበር። በቀጣዩ ዓመት በ1956 መጠኑ ተለክቶ የሚረጭ የመጀመሪያው ፓፍ ገበያ ላይ ዋለ። የልጅ ጥያቄ አይናቅም!

ፓፉ ግን አንድ ነገር ይጠይቃል። ስትጫኑት በዚያችው ቅጽበት ቀስ ብላችሁ በጥልቀት መሳብ አለባችሁ። አዋቂም ይህን ይስታል፤ የስድስት ወር ሕፃንማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። ደግሞም መድኃኒቱ ከአፈሙዙ የሚወጣው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ነው። በቀጥታ አፍ ውስጥ ቢረጭ አብዛኛው ጉሮሮን ይመታል።

ስፔሰር የሚባለው ቱቦ መሀል ገብቶ ያስታርቃቸዋል። እንደ መጠበቂያ ክፍል አስቡት። የተረጨው መድኃኒት እዚያ ገብቶ ይረጋጋል። ተሸካሚው ጋዝ ይተናል፣ ትልልቆቹ ጠብታዎች ግድግዳው ላይ ይቀራሉ፣ ደቃቁ ጉም አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል። ሕፃኑ ሳይቸኩል እንደ ወትሮው ይተነፍሳል። አፉ በኩል ያለው ቫልቭ ሲስብ ይከፈታል፣ ሲያስወጣ ይዘጋል። ስለዚህ የወጣው ትንፋሽ ጉሙን አይበትነውም።

ከ5 እስከ 10 ትንፋሽ ይበቃል። ጨቅላ በደቂቃ 40 ጊዜ ያህል ስለሚተነፍስ 10 ትንፋሽ 15 ሰከንድ ነው። አለቀ! አንድ ፓፍ ብቻ በአንድ ጊዜ ነው የሚረጨው። «ቶሎ እንጨርስ» ብሎ ሁለት ሦስቱን አከታትሎ መርጨት ጠብታዎቹ እርስ በርስ ተጋጭተው እንዲተልቁና ግድግዳ ላይ እንዲቀሩ ያደርጋል። ከእያንዳንዱ በፊትም ፓፉን መነቅነቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ነገር አለች። ማበጠሪያ በፀጉር ታሽቶ ቁርጥራጭ ወረቀት ሲስብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፕላስቲክ ስፔሰርም እንዲሁ ነው። በጨርቅ ሲወለወል ኤሌክትሪክ ይይዝና ደቃቁን ጉም ወደ ግድግዳው ይስበዋል። መድኃኒቱ ቱቦው ላይ ቀረ ማለት ነው። መፍትሔው እጅግ ቀላል ነው፦ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ ሳይወለውሉ በራሱ እንዲደርቅ መተው። ቀጭን የሳሙና ሽፋን መቅረቱ ኤሌክትሪኩን ያጠፋዋል። የአፍ መያዣውንና ማስኩን ግን በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ይገባል፤ የሕፃን ቆዳ ነው የሚነካው።

ስፔሰር በሌለበትስ? ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ውስጥ ተሠርቶ በ1999 የታተመ ጥናት፣ ከ5 እስከ 13 ዓመት ያሉ አስም የተነሣባቸው ልጆች ላይ፣ በግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ ስፔሰር ከተገዛው ጋር እኩል መሥራቱን አሳይቷል። ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፤ ፓፉ የሚገባበት ቀዳዳ በደንብ የታሸገ መሆን አለበት። የስታይሮፎም ኩባያ ግን እንደ ጠርሙሱ አልሆነም። ለጨቅላ ጠርሙሱ ብቻውን አይበቃም፤ ፊቱ ላይ የሚገጥም ማስክ ይፈልጋል።

ማስኩ ትንሽ ቢርቅስ?

ይሄ ከልቅሶው ቀጥሎ ያለ ትልቅ ስሕተት ነው። ሕፃኑ ሲቆጣ ብዙዎች ማስኩን ከፊቱ ትንሽ አርቀው «እንዲሁ ይሸተው» ይላሉ። መድኃኒቱ የሚሰጠው ጉም በሚሠራው ማሽን በኔቡላይዘር ከሆነ፣ ማስኩ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲርቅ የሚደርሰው መድኃኒት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲሆን የቀረው ጥቂት ነው። በስፔሰር ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ክፍተት ካለ ሕፃኑ የሚስበው ከጎን ያለውን አየር ነው፤ የሱ ትንፋሽ ቫልቩን ለመክፈት ጉልበት የለውም።

የማስኩ ስፋትም ወሳኝ ነው። በአንድ ትንፋሽ 35 ሚሊሊትር የሚስብ ሕፃን፣ ውስጡ 50 ሚሊሊትር አየር የሚይዝ ማስክ ቢደረግለት፣ የሚስበው ማስኩ ውስጥ የቆመውን አየር ብቻ ነው። መድኃኒቱ እሱ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ማስኩ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ዓይን ሳይነካ፣ ለስላሳ ጠርዙ ጉንጭ ላይ የሚተኛ መሆን አለበት። መጫን አይደለም፤ መግጠም ነው።

ኔቡላይዘር አይሻልም?

ማሽን ነው፣ ይጮኻል፣ ጭስ ያወጣል። ስለዚህ «ጠንካራው እሱ ነው» ይባላል። በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነው የኮክሬን ግምገማ ግን ሌላ ነው የሚለው። ለሕይወት በማያሰጋ የአስም መነሣት፣ በስፔሰር መድኃኒት ያገኙ ልጆች ሆስፒታል የመተኛታቸው ዕድል በኔቡላይዘር ካገኙት አልበለጠም። ድንገተኛ ክፍል የቆዩት ግን ለአጭር ጊዜ ነው፤ ልባቸውም ያን ያህል አልተፋጠነም።

ኔቡላይዘር ፈሳሽ መድኃኒትን ወደ ጉም የሚቀይር ነው። የተለመደው ዓይነት በግፊት አየር ወይም በኦክስጅን ይሠራል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይወስዳል፤ ለሚታገል ጨቅላ ይህ ዘላለም ነው። ሲያልቅም ከታች አንድ ሚሊሊትር ገደማ ሳይተን ይቀራል። አዲሶቹ ባለ ወንፊት ኔቡላይዘሮች ጸጥ ያሉና የሚያስቀሩትም ጥቂት ነው።

ይህ ማለት ኔቡላይዘር ይጣል ማለት አይደለም። ሕፃኑ ኦክስጅን ካጠረው መድኃኒቱም ኦክስጅኑም አብረው ይሰጡታል። በፓፍ የማይመጡ መድኃኒቶችም አሉ፤ ክሩፕ ለሚባለው የማንቁርት እብጠት የሚሰጠው አድሬናሊን፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ለሚባለው አክታን ለሚያወፍር የዘር ሕመም የሚሰጡት አክታ ማቅጠኛዎችና አንቲባዮቲኮች እንዲህ ናቸው። ግን ንጽሕናው ካልተጠበቀ እርጥብ ዕቃው ባክቴሪያ ያፈራል። ያኔ ጀርም እየረጩለት ነው።

ለሚያለቅሰው ልጅ ታዲያ ምን ይደረግ?

«ሲተኛ እንስጠው» ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። በተግባር ብዙዎቹ ማስኩ ሲነካቸው ይነቃሉ፣ ተናደውም ነው የሚነቁት። የሚሻለው ማላመድ ነው። ማስኩን ባዶውን እንዲጫወትበት መስጠት፣ በአሻንጉሊቱ ፊት ላይ ማድረግ፣ ጉንጩን በሱ መዳበስ። ሰዓቱ ሲደርስ ጀርባውን ደረታችሁ ላይ አስደግፋችሁ ጭን ላይ ማስቀመጥ፣ በአንድ እጅ አቅፎ በሌላው ማስኩን መያዝ፣ እያንጎራጎሩ መቁጠር። ካለቀሰ ጥቂት ጠብቆ እንደ ገና መሞከር ይቻላል። በእርግጥ ትንፋሽ ላጠረው ልጅ ረጅም ልምምጥ የለም፤ ያኔ እያለቀሰም ቢሆን ማስኩ ተገጥሞ ይሰጠዋል፣ ሐኪሙም ይህን አስቦ ነው የሚያዘው።

ሲር ሲር ለሚል ደረት ሁሉ ይሠራል?

አይሠራም። ከመሣሪያውም በላይ ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው።

የማይከፈት በር አስቡ። ማጠፊያው ጠብቆ ከሆነ ዘይት ይረዳዋል። ከበሩ ኋላ ዕቃ ተከምሮ ከሆነ ግን ዘይት ምን ይረባል? አስም ላይ ከችግሮቹ አንዱ የጡንቻ መኮማተር ነውና ሳልቡታሞል ዘይቱ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ባሉት ሕፃናት የሚበዛው ብሮንኮላይትስ ግን ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ አርኤስቪ የሚባል ቫይረስ ያመጣዋል። ትንንሾቹን ቧንቧዎች የሚዘጋው እብጠት፣ ንፍጥና የሞቱ ሴሎች ክምር ነው። የሚላላ ጡንቻ ዋናው ነገር አይደለም። ስለዚህ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2014 ባወጣው መመሪያ ለብሮንኮላይትስ ሳልቡታሞልም ሆነ አድሬናሊን እንዳይሰጥ መክሯል። የሚረዳው አፍንጫን ማጽዳት፣ ፈሳሽ እንዳያጥረው መጠበቅና ካስፈለገ ኦክስጅን ነው። ሐኪም «ለዚህ ፓፍ አያስፈልገውም» ሲል ቸል ብሎ አይደለም። ወላጅ «ምንም ሳይሰጡኝ መለሱኝ» ብሎ ማዘኑ ይገባኛል፤ የማይሠራ መድኃኒት ግን የልብ ምት መጨመሩ ነው ትርፉ።

ክሩፕ ደግሞ ከላይ፣ ማንቁርት አካባቢ ያለ እብጠት ነው። ሳሉ የውሻ ጩኸት ይመስላል። ሲበረታ በኔቡላይዘር የሚሰጥ አድሬናሊን የደም ሥሮቹን አኮማትሮ እብጠቱን ያረግበዋል። ግን ሥራው በሁለት ሰዓት ገደማ ያልቃል። «ተሻለው» ብሎ ወዲያው ወደ ቤት አለመሸኘት ለዚህ ነው። ረዘም ያለውን ሥራ የሚሠራው በአፍ የሚሰጠው ስቴሮይድ የሚባል እብጠት ቀናሽ መድኃኒት ነው።

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ጉዳይ ሌላ ነው። የአየር ከረጢቶቻቸው ተጣብቀው እንዳይከደኑ የሚያደርገው ሰርፋክታንት የሚባል ቅባት መሰል ነገር ገና አልበቃም። ጉድለቱን በ1959 ያሳዩት ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄሬ ሚድ ናቸው። በ1980 ደግሞ ጃፓናዊው ቴትሱሮ ፉጂዋራና ባልደረቦቹ ለጨቅላዎች ሰጥተው እንደሚሠራ አሳዩ። ይህ መድኃኒት ሳንባ የሚደርሰው በትንፋሽ ተስቦ ሳይሆን በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ ነው። ቱቦ ሳያስገቡ በጉም መልክ ለመስጠት ሲሞከር ቆይቷል። እስካሁን የቱቦውን ቦታ አልተካም፤ እንቅፋቱም ከላይ ያየነው ያው ነው፣ አብዛኛው መንገድ ላይ ይቀራል።

በትንፋሽ የሚሰጥ ስቴሮይድስ?

እንደ ሳልቡታሞል ወዲያው አይሠራም። እብጠትን በቀናትና በሳምንታት ነው የሚቀንሰው፤ «ሰጠሁት፣ ለውጥ የለም» ተብሎ በሁለተኛው ቀን አይጣልም። ከሰጡ በኋላ የማስኩን ምልክት ከፊት መጥረግ፣ አፉንም በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ማበስ ወይም ውሃ ለሚጠጣ ልጅ ጥቂት ማጠጣት ጥሩ ነው። አለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ሊወጣ ይችላል።

የሙቅ ውሃ እንፋሎት ከዚህ ሁሉ ጋር አይገናኝም። መድኃኒት አይደለም፤ የሚታወቀው ጉዳቱ ቃጠሎ ነው። ኔቡላይዘር ውስጥም ሐኪም ያላዘዘውን፣ በተለይ ዘይት ነክ ነገር፣ መጨመር ለሳንባ ምች ይዳርጋል።

ወደ ሐኪም መሮጥ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ደረቱ ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣ የአፍንጫው ቀዳዳዎች ሲርገበገቡ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ሲያቃስት፣ ጡት መጥባት ሲያቅተው፣ ከንፈሩ ሲጠቁር ወይም ሲሰማያዊ፣ ትንፋሹ ለሰከንዶች ሲቋረጥ። የዓለም ጤና ድርጅት ፈጣን ትንፋሽ የሚለው ከሁለት ወር በታች በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር ደግሞ 50 እና ከዚያ በላይ ነው። የሚቆጠረው ሙሉ አንድ ደቂቃ፣ ሕፃኑ ሲረጋጋ ነው።

አንድ ምልክት ግን ወላጅን ያታልላል። ሲታገል የቆየ ሕፃን ሲር ሲሩ ድንገት ይጠፋል፣ ልቅሶውም ይቆማል፣ ዓይኑ ከበድ ይላል። እፎይታ ይመስላል። ድምፅ የሚኖረው አየር ሲያልፍ ነው። ደረቱ ዝም ያለው ደክሞ የሚያልፈው አየር ስለቀነሰ ከሆነ፣ ያ ዝምታ ከጩኸቱ ይበልጥ የሚያስቸኩል ነው።